ቅርንጫፍ የያዘች እጅ

ነይ ዓያንቱ፣ እዚህ ጥላው ጋ ተቀመጪ። የጥር ፀሐይ ቅቤውን ሁሉ አቅልጦ አንገትሽ ላይ ያወርደዋል። እንዴት ሰነበታችሁ? ባለቤትሽን ጉንፋኑ ለቀቀው? እሰይ! ልጆቹስ? ተመስገን፣ ተመስገን... እስቲ አንገትሽን ደፋ አድርጊልኝ። ኧረ በማርያም፣ ባለፈው ማን ነው ይሄን ጠጉር የሠራሽ? ተይ፣ አትንገሪኝ። የሰው ሥራ አላንቋሽሽም። ምን ታድርግ፣ እሷም በተሰጣት እጅ ነው የምትሠራው።

ለእሑድ ነው አይደል? ገብቶኛል። ከማክሰኞ ጀምሮ የመቱ ሴት ሁሉ ራሷን ይዛ እኔ ዘንድ እየመጣች ነው። «እትዬ በየነች ለእሑድ ታድርሽልኝ፣ እትዬ በየነች ለእሑድ እንዳትረሽኝ።» እኔ ሞኟ አስተርዮ ማርያም ናት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ማርያም የተጠራችው ለድግሱ ማሳበቢያ ነው! ዋናው ነገር ከጎሬ መስተዋት ገብቶለት የመጣው ፎቶግራፍ ነው አሉ። እዚህ ጎረቤቴ ሳሎን ተሰቅሏል፣ በግ ይታረድለታል። እንዲያው ዓያንቱ፣ በግ ለልጅ ክርስትና ይታረዳል፣ ለሠርግ ይታረዳል... ለፎቶግራፍ ሲታረድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሥልጣኔ ነው፣ ምን እናውቃለን እኛ።

እኔማ አልተጠራሁም። ኧረ ምንም ቅር አላለኝ! የኔ ቤት ከአጥሩ ወዲህ፣ የእሷ ቤት ከአጥሩ ወዲያ። የወጡ ሽታ እንደሆነ ጥሪ አያስፈልገውም፣ ራሱ ይመጣልኛል።

ምነው፣ ጮክ አልኩ እንዴ? ጆሮዬ ነው የኔ ልጅ። ጆሮ ሲደክም ድምፅ ይጎላል። ያ ከአጥሩ ወዲያ ያለው መስኮት ግን... ቅድም ተዘግቶ አልነበረም? ነፋስ ነው። ነፋስ ነው እንበል።

ደግሞ ስም አልጠራሁም፣ ምስክሬ ነሽ። ባሏ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትልቁ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሴት ስሟ በዘፈቀደ አይጠራም። እኔም ይቺን የጠላ ቤት ፈቃዴን በየዓመቱ የማሳድሰው እዚያው ወንበር ፊት ቆሜ ነው። ስለዚህ እኔ የማወራው ስለ አንዲት የተባረከች ሴት ነው። መቱ ደግሞ የተባረከች ሴት ሞልታለች።

ቀና በይ። አመመሽ? ትንሽ ነው፣ ቻይው።

የውስጥ ግድግዳዬን አይተሽው የለ? ጋዜጣ ለብጬዋለሁ። ጭቃው እንዳይረግፍ በየዓመቱ ለመስቀል በአሮጌው ላይ አዲስ እደርብበታለሁ። ጣልያን ከወጣ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስደርብ ግድግዳው ወፍሮ ቤቱ ሊጠበኝ ነው። ማንበብ አልችልም፣ ፊት ግን አነባለሁ። ማታ ማታ ስተኛ ከነዚያ ሰዎች ጋር ነው የምተኛው፤ ባለካባው አለ፣ ሪባን የሚቆርጠው አለ፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ወደኛ የሚያዩት አሉ። ሁሉም ካንድ እናት የተወለዱ ይመስሉኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ይቺንስ ገበያ አይቻታለሁ» ያልኳት አንዲት ሴት የለችም። የኛ ቡና እንኳ ወጥቷል፣ ታውቂያለሽ? ጆንያው ተደርድሮ፣ አንድ ባለባርኔጣ አጠገቡ ቆሞ። የለቀመው ሰው ግን የለም። ቡናው ራሱን ለቅሞ፣ ራሱን አድርቆ፣ በገዛ እግሩ ጆንያ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ኅዳር ላይ ያ ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጋዜጣው ልኮት ነው። «የኢሉባቦርን ቡና ለቃሚ አንስተህ አምጣ ተብያለሁ፣ እውነተኛዋን» አለ። ሰማሽ? እውነተኛዋን። ያረፈው እንግዲህ... የተባረከችው ሴት ቤት ነው። የት ይረፍ? ከዚያ ቤት ሌላ አልጋ ላይ አንሶላ የሚነጠፍበት ቤት የታለ? ባለሱቁ ሙነወር አስተርጓሚ ሆኖ በሶር ወንዝ መንገድ ያሉትን ማሳዎች ሲያዞረው አረፈደ። መጨረሻ ላይ ዶሪን አየ።

ዶሪን ታውቂያታለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙነወር ሱቅ ደጃፍ ቁጭ የምትለዋን፣ ከሶር ማዶ የምትመጣዋን፣ ቀጭን ረጅሟን። ያቺ ሴት ስትለቅም አይተሽ ታውቂያለሽ? እጇ አይታይም። ቅጠል አይረግፍ፣ እሸት አይነካ፣ ቀዩን ብቻ ጠብ ጠብ። ፎቶ አንሺው አፉን ከፍቶ ቀረ። ያኔውኑ ስሟን ጠይቆ ደብተሩ ላይ ጻፈ። «ነገ ጠዋት አነሳሻለሁ» አላት፣ ሙነወር በኦሮምኛ ነገራት።

ወዲያው ወደየት የመጣች ይመስልሻል? እዚሁ። አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ዱካ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። «ማሎ በየነች፣ እባክሽ፣ ሁንዴሳ ሲሄድ የነበረኝን ሹሩባ ሥሪልኝ» አለችኝ።

ሁንዴሳ ልጇ ነው። አንድ ልጇ። ፊደል የቆጠረ፣ ጎበዝ ልጅ። ስድስት ዓመት ይሆነዋል ቡና በጫነ መኪና ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ። መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ላከ፣ ከዚያ ዝም። በኋላ ስንሰማ፣ ያን የወባ ዓመት ትዝ ይልሻል? ያኔ ከዚህ የሄደ አንድ የመኪና ረዳት «እናትህ ሞታለች» ብሎ ነግሮታል። እሷ ደግሞ መልሳ እንዳታስጽፍለት የት እንዳለ አታውቅ። ሞታ ተለቅሶላት፣ እሷ ቅርጫቷን ይዛ ቡና ትለቅማለች። ይታይሽ! «ጋዜጣ ካገኘ አይቶ አያልፍም፣ እሱ ያነባል» አለችኝ። «ፊቴን ካየ ያውቀኛል። አለሁ ማለት ነው።» እኔ ታዲያ ከቀትር እስከ ከብት መግቢያ ሠራኋት። እንደዚያ አድርጌ የሙሽራ ጠጉር አልሠራሁም ዓያንቱ፣ ያንቺንም ጭምር።

ጎንበስ... እንዲያ።

በማግሥቱ አብሬያት ሄድኩ። ፎቶ ሲነሳ አይቼ አላውቅማ! ፎቶ አንሺው ባለሦስት እግሩን ተክሎ፣ ጥቁር ጨርቁን ደርቦ፣ ዶሪ ነጠላዋን አጣጥፋ ዛፏ ሥር ቆማ... መኪና መጣ። የተባረከችው ሴት ናት፣ ከባለቤቷ ጋር። ለእንግዳው ምሳ አምጥታለት። ልብ በይ እንግዲህ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ሠራተኛ ትልክ ነበር። እሷ ግን ራሷ መጣች፣ ተኩላ፣ ተቀብታ፣ ባለተረከዝ ጫማዋን አድርጋ። ለምሳ አቀራረብ እንዲያ የሚለብስ ሰው ሩኅሩኅ ነው።

ዶሪን አየቻት። ደግማ አየቻት። «ውይ፣ ይቺን ነው? አገር ሁሉ በሚያየው ጋዜጣ?» አለች። ክፋት አይደለም፣ ለአገር አስባ ነው! ባልየውም «ለጠቅላይ ግዛቱ ገጽ የሚስማማ ሰው ቢሆን» አለ። ደግሞ ምን አለ መሰለሽ? «አማርኛ እንኳ አትችልም» አለ። ሙነወር ሊስቅ ሲል አፉን በእጁ ያዘ። እንዲያው ልጠይቅሽ፣ ያንቺ ቤት ፎቶግራፍ ይናገራል? የኔ ግድግዳ ላይ ያሉት አሥራ አምስት ዓመት አንድም ቃል አልተነፈሱም። ወይስ አማርኛ የሚችሉት እየመረጡ ነው ዝም የሚሉኝ?

ያ ምስኪን ፎቶ አንሺም ምን ያድርግ! የማን አልጋ ላይ እንዳደረ፣ የማንን ዶሮ እንደበላ ያውቃላ። «እንግዲህ ደስ እንዳላችሁ» አለ። እና እሷ... አቤት ትሕትና! «እሺ፣ ለአገሬ ስል እኔ እቆማለሁ» አለች። ማንም ቁሚ አላላትም እኮ። ሳይጠሯት አቤት የምትል ሴት እንዲህ ናት።

ዶሪን ነጠላዋን አስወለቀቻት። እውነት እንዲመስል። ነጠላዋ አሮጌ ነው፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ያች ቀዳዳ እንድትታይ አድርጋ ለበሰችው። ቅርጫቷንም ወሰደች። ጭቃ በጣቷ ጫፍ ነክታ እንደ ሽቶ ጉንጯ ላይ አስነካች። ዶሪ በዚያ ጤዛ ትከሻዋ ራቁቱን ቀረ። ቅርጫት ደግሞ የት እንደሚታሰር ታውቂያለሽ፣ እዚህ ከፊት ነው፣ ወገብ ላይ፣ እጅ ቶሎ እንዲያገኘው። እሷ ከኋላዋ አዘለችው! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፣ በኋላ ግን አሰብኩና አንጀቴን በላችው። ሦስት ልጅ ወልዳ አንዱንም አዝላ አታውቅም። ሠራተኛዋ ሻሽቱ ናት ያዘለችላት፣ ሦስቱንም። ታዲያ ጀርባዋ አንድ ነገር አዝሎ ቢያይ ምን ነውር አለው? ቅርጫትም ቢሆን።

ዛፏ የጫካ ቡና ናት፣ ረጅም። እሷ አልደረሰችበትም። ተንጠራርታ ብትሞክር ጉንዳን እጅጌዋ ገባና ጮኸች። እንግዲህ ምን ይደረግ? «ያቺ ሴትዮ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጋ ትያዝላት» ተባለ። ያቺ ሴትዮ! ትናንት ስሟን የጻፈላት ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለው። ዶሪ ያዘች። ፎቶ አንሺው ከጨርቁ ሥር ሆኖ በእጁ «ወደ ጎን፣ ወደ ጎን፣ አሁንም ወደ ጎን» ይላታል። ከፎቶው እንድትወጣለት ነው። ፈቀቅ ፈቀቅ እያለች፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ ቅርንጫፉን ሳትለቅ ወጣችለት።

ከዚያ ወደኔ ዞር አለችና በኦሮምኛ ቀስ ብላ «ፎቶው እኔንም ይወስደኛል?» አለችኝ።

ምን ልበላት ዓያንቱ? አንቺ ምን ትያት ነበር? ያን የሠራሁትን ሹሩባ አየሁት፣ ፀሐይ አርፎበት ያብረቀርቃል። «አዎ፣ ይወስድሻል» አልኳት። ዋሸኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርባን ፊት ስቆም ትዝ የምትለኝ ያቺ ውሸት ነበረች።

የተባረከችውማ ለቀመች! ከነቅጠሉ፣ ከነእንቡጡ፣ ከነግንጣዩ ጥርግ አድርጋ፣ ለከርሞ ሊያፈራ የነበረውን ሁሉ ገንጥላ በእጇ ይዛ ሣቀች። ፎቶው ላይ ይታያል፣ እሑድ ቀረብ ብለሽ እይው። የማሳው ባለቤት ያቺን ዛፍ ሲያይ ራሱን ያዘ። ግን ማን ይናገራል?

ዶሪ ከዚያ በኋላ በየገበያው ሙነወርን ትጠይቀዋለች። «ጋዜጣው መጣ?» አልመጣም። «ዛሬስ?» አልመጣም። እኔ ስታይኝ ፈገግ ትላለች፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ታኅሣሥ ላይ መጣ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው።

የተባረከችው ሠላሳ ጋዜጣ አስመጣች። ሠላሳ! ለካህናቱ፣ ለዳኛው፣ ለሐኪሙ፣ ለጎሬ ትላልቅ ሴቶች። አይ ለጋስነት፣ ሌላው ሰው እህል ሲሰጥ እሷ ፊቷን ሰጠች። እሷም እንደኔው ከፊደል ጋር ብዙም አትተዋወቅ፣ ባልየውም ፎቶውን እንጂ ጽሑፉን መች አየ። ጎሬ ሄዳ፣ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ፣ አንዷ የተማረች ወይዘሮ ጋዜጣውን ከፍ አድርጋ «በመቱ ፈጣኗ ቡና ለቃሚ ወይዘሮ ዶሪ በሥራዋ ላይ» ብላ አነበበች። ያ ፎቶ አንሺ! መጀመሪያ ቀን ደብተሩ ላይ የጻፈውን ስም እንዳለ አሳትሞታል! ረስቶ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ። ያ ሰውዬ ዶሮ ቢበላም የሚረሳ አይመስልም። ወይዘሮይቱም ጋዜጣውን አጠፍ አድርጋ «እንዴት ነሽ ዶሪ፣ ለቀማው እንዴት ነው?» አለቻት አሉ። ጎሬ እስከ ዛሬ ሳቋን አልጨረሰችም።

አትሳቂ፣ ጠጉርሽ ይፈታብኛል!

ከዚያማ ምላጭ ይዛ ተቀመጠች። ከየቤቱ መልሳ ሰብስባ፣ ዶሪ የሚለውን ስም ካንዱም ካንዱም ቆርጣ አወጣችው። ሠላሳ ጋዜጣ ላይ ሠላሳ ቀዳዳ። እሑድ የምታዩት መስተዋት የገባለትም ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ ጥቁር ወረቀት ለጥፈውበታል አሉ። ሴት ልጅ በሕይወቷ አንድ ቀን የእጅ ሥራ ሠራች፣ እሱም ምላጭ ነው... ግን ጥሩ አድርጋ ነው የቆረጠችው፣ እውነት ለመናገር።

መስኮቱ ተንቀሳቀሰ? ነፋሱ ዛሬ በረታ።

አንድ ጋዜጣ ግን አመለጠቻት። ሙነወር ከጎሬ ያስመጣው ሳሙና ተጠቅልሎበት መጣ። ከነስሙ! ሙነወር ዘርግቶ ለዶሪ አሳያት። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዶሪ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ «ነጠላዬ አምሮበታል» አለች። ይኸው ነው። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፣ እኔንም ለምን ዋሸሽኝ አላለችኝም። ቅርጫቷን አንስታ ወደ ሶር ወረደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋዜጣውን ለምኜ ወሰድኩት። ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው ስል ነው ያየሁት። ከዳር፣ ከጫፉ ላይ፣ ቅርንጫፉን የያዘች እጅ አለች። እስከ አንጓዋ ብቻ። ፎቶ አንሺው ሴትየዋን አስወጣት እንጂ እጇን ማስወጣት አልሆነለትም። ያቺ ጠማማ ትንሽ ጣቷ ሳትቀር ቁልጭ ብላለች። እንግዲህ ምን አደረግሁ መሰለሽ? እኔ ምላጭ የለኝም። ግን መሀል ቤት ምሰሶ አለኝ። ጋዜጣውን ከምሰሶው ጀርባ አሳልፌ ለጠፍኩት። የተባረከችው ፊት ምሰሶው ኋላ ዋለ። በወዲህ በኩል እጇ፣ ከሥር ስሟ። ገብተሽ እይው ስትጨርሺ። የፈለገ ሰው አንገቱን አስግጎ ሌላውንም ማየት ይችላል፣ ማንንም አልከለከልኩም።

እንግዲህ ልነግርሽ የፈለግሁት ነገር ይሄ ነው፤ ከትናንት በስቲያ፣ ሐሙስ ዕለት ደብዳቤ መጣ።

«ለወይዘሮ ዶሪ፣ በሙነወር ሱቅ በኩል፣ መቱ» ይላል። ሙነወር ሰው ልኮ አስጠራት፣ እኔንም አስጠራኝ። በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ እሱ እያነበበ በኦሮምኛ ይነግራታል። ሁንዴሳ ነው። ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፣ ወረቀት ሲያጥፍ አየው ጋዜጣውን። እንዲህ ይላል፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ስምሽን አየሁ፣ ልቤ ቆመ። ፊቱን አየሁ፣ አንቺ አይደለሽም። እንግዲህ ሞክሼ ናት፣ እናቴስ ሞታለች ብዬ ልተወው ስል ቅርንጫፉን የያዘችውን እጅ አየሁ። ያቺ ትንሽ ጣትሽ ሶርን ስንሻገር ድንጋዩ መሀል ገብታ የተሰበረችው ናት። ያን ቀን ውኃው ሲወስደኝ በዚያች እጅሽ ነው የያዝሽኝ፣ ተሰብራም አልለቀቅሽኝም። ያቺን እጅ ከሺህ እጅ መሀል አውቃታለሁ። እናቴ፣ አለሽ ማለት ነው። ለቅበላ እመጣለሁ።»

ሙነወር ዞር ብሎ ሱቁ ውስጥ ጨው የሚፈልግ መሰለ። ዶሪ «ሐርከ ኮ?» አለች፣ እጄን? እጄን ነው ያየው? እያለች እጇን ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገልብጣ አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ነገር። ከዚያ ወደኔ ዞረችና «በየነች፣ ይወስድሻል ብለሽኝ የለ? ወሰደኝ እኮ!» አለችኝ። ዓያንቱ፣ እኔ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። አሁንም... ተይኝ፣ ቅቤው ነው ዓይኔ የገባው።

እና እኔ ለእሑድ አለመጠራቴ ያናድደኛል እንዴ? ምን በወጣኝ! ለቅበላ ዶሪ ቤት ተጠርቻለሁ። በግ የለም፣ ጥሬና ጎመን ነው። ሹሩባዋን ደግሞ እንደገና እሠራላታለሁ፣ ያንኑ የድሮውን።

እውነት ግን የተባረከችው ምስጋና ይገባታል። እሷ ባትቆም ዶሪ ቅርንጫፍ አትይዝም ነበር። ነጠላ ተውሳ፣ ቅርጫት አዝላ፣ ጉንዳን ተነክሳ፣ ሳታውቀው እናትና ልጅ አገናኘች። ስንቱ ነው ይሄን ያህል ጽድቅ ሳያስበው የሚሠራ? እኔማ ሻሽቱን ቅድም ውኃ ስትቀዳ አግኝቻት እመቤትሽን አመስግኚልኝ ብያታለሁ። ሻሽቱ ምን ብትነግረኝ ጥሩ ነው? ፎቶግራፉ ሳሎን የተሰቀለ ዕለት ትንሿን ልጅ አቅፈው አሳዩአት አሉ። «ይቺ ማናት? ንገሪና፣ ማናት?» ይሏታል። ልጅቷ አይታ አይታ «ዶሪ» አለች። ቤት ውስጥ የሰማችውን ነዋ፣ ሕፃን ምን ታውቃለች! ከዚያ ዘላ ወርዳ ሻሽቱ ቀሚስ ውስጥ ገባች። እናትየው እጇን ዘርግታ «ነይ እማማ ጋ» ብትላት ልጅቷ ያቺን እጅ አይታ አለቀሰች አሉ። እንግዳ እጅ መስሏት ይሆናል። ቀለበቱ በዝቶባት ይሆናል። ሕፃን እኮ በጠረንና በልማድ ነው የሚለየው፣ ምን ይደረግ።

በይ፣ አለቀ። ተነሺ እስቲ፣ ዙሪ። እሰይ! አምሮብሻል። እሑድ ከሁሉም በላይ አንቺ ትታያለሽ፣ ከተሰቀለውም በላይ።

እንዴ፣ መስኮቱ ተዘጋ? ያውም በኃይል። አይ ይሄ ነፋስ...

ቆይ፣ አትሂጂ። ድግስ ላይ ባልጠራም ምርቃት አላስቀርም፣ ጎረቤት ነኝ እኮ። እጅሽን ዘርጊና እሷን ሆነሽ ተቀበይላት። ዝቅ ብዬ ልናገር? ኧረ ለምን፣ ምርቃት ይደበቃል? እግዚአብሔር ቤቷን በበረከት ይሙላው። መስተዋቱ አይሰበር። ዕድሜና ጤና ይስጣት። ልጆቿ ይደጉላት፣ ይማሩላት፣ ሩቅ አገር ደርሰው ትልቅ ሰው ይሁኑላት። እና አንድ ቀን፣ እዚያ ባሉበት፣ ስሟን ሳያነቡ፣ ፊቷን ሳያዩ፣ እንዲሁ እጇን ብቻ አይተው «ይቺማ እናቴ ናት» የሚሏት ያድርጋት።

አሜን በይ ዓያንቱ። ጮክ በይ፣ መስኮቱ ተዘግቷል።